ዛሬ ምን አጠፋሁ?

ለካፉሪ እናቶችና አባቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ በሰው መኪና፣ በሰው ማድቤት፣ በሰው ግቢ እየሠራን ልጆቻችንን ላሳደግን ወላጆች፤ ዛሬ ጎንደርም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ካይሮም ሁኑ፣ ወደዚያው የተመለሳችሁም ብትሆኑ።

ባሕር ዳር ነው ያለሁት። መሪ ከጨበጥኩ ቆይቻለሁ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ የመጀመሪያዋ ልጄ ናት። በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ስትሠለጥን አስተማሪዋ «ከዚህ በፊት ነድተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። «አላውቅም፤ ግን አባቴ አስተምሮኛል» አለችው። «መቼ?» ሲላት «ካርቱም እያለን፣ ከኋላ ወንበር ላይ» ብላ መለሰችለት። ቤት መጥታ ይህን ስትነግረን እናቷ ሳቀች። እኔን ግን ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። ከኋላ ወንበር ምን ምን እንዳየች አውቃለኋ።

ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምንኖረው ከምሠራበት ቤት ጀርባ ባለችው የሠራተኛ ክፍል ነበር። ጀሪካኖቹን ሁለት ሁለት አድርጋ ደርድራ መኪና ሠራች። ታናሽ ወንድሟንና የጎረቤት ልጆችን ከኋላ አስቀመጠች፤ የድስት ክዳን መሪ ሆነ። ክላክስ ነፋች። ደግማ ነፋች። «ያ ሑማር!» ብላ ማንም የሌለበትን መንገድ ሰደበች፤ አህያ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ መዳፏን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ መሪውን ለቃ ወደ ኋላ ዞረችና «ዝም በሉ፣ ስልክ ነው!» አለቻቸው። ስድቡ የኔ፣ ድምፁ የኔ፣ አንገት አዟዟሩ ሳይቀር የኔ ነበር።

እየነዳ በስልክ የሚያወራ ሰው አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከማያወራው አራት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ባውቅም የሚለውጠኝ አይመስለኝም። ያቺ የድስት ክዳን ግን እንቅልፍ ነሣችኝ።

ካፉሪን ያላየ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት አለብኝ። ከመሐል ካርቱም ሲታይ ከጥቁር አባይ ማዶ፣ በባሕሪ (ሰሜን ካርቱም) በኩል ነው። ድሮ እርሻ ነበር፤ ስሙም የእርሻው ባለቤት ከነበረው ቤተሰብ የመጣ ነው። ኋላ ላይ ሀብታም ሠፈረበት፤ ሰፈሩ በቁጥር በተሰየሙ ብሎኮች ተከፋፈለ፤ ግቢው ከፍ ያለ አጥር፣ በሩ ትልቅ ብረት ሆነ። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት፣ የውስጦቹ አብዛኞቹ አሸዋ ናቸው። እናንተም የምታስታውሱት ፀጥታውን ይመስለኛል። መሐል ካርቱም ላይ ሃፍላው (አነስተኛው አውቶቡስ)፣ ሃይሱ፣ ራክሻው (ባጃጁ) ሲጋፋ ሾፌር ዓይኑን አይከድንም። ካፉሪ ሲደርስ ግን ትከሻው ይወርዳል። ሰፋ ያለ መንገድ፣ የኒም ዛፍ ጥላ፣ ጭር ያለ ቀትር። እኔ ከባዱን ስሕተት የሠራሁት ግፊያው ውስጥ አይደለም፤ እዚያ ጥላ ሥር ነው።

ጠዋት ነው። የአሠሪዎቼን ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ላደርስ ይዣለሁ፤ የኔም ልጅ አብራ አለች፣ የእሷ ትምህርት ቤት መንገዴ ላይ ስለነበር። ከፊቴ በአህያ የሚጎተት የውሃ ካሮ ይሄዳል። ታውቁታላችሁ፣ በርሜል የተጫነበት፣ ባለቤቱ በዱላ ብረቱን ቀው ቀው እያደረገ የሚያልፈው። አህያዋ ቀስ ብላለች፤ እኔ ደግሞ ረፍዶብኛል። «ያ ሑማር» አልኩ፤ ያን ዕለት እንኳ ትክክለኛው አድራሻ ላይ ነበር። ካሮውን ላልፍ ወጣ አልኩ። በቀኝ በኩል አንዲት አምጃድ፣ ያቺ ትንሿ ሚኒቫን፣ ጥጓን ይዛ ቆማለች። ልክ ሳልፋት፣ ከአምጃዷ አፍንጫ ፊት አንድ ልጅ ዒሽ (ዳቦ) በላስቲክ አንጠልጥሎ ብቅ አለ።

ፍሬን ያዝኩ። ጎማው አሸዋው ላይ ተንሸራተተ። መኪናው የቆመው ከልጁ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። ዒሹ መንገዱ ላይ ተበተነ። ልጁ እኔን ሳይሆን ዳቦውን ነበር የሚያየው፤ ቤት ሲገባ የሚጠብቀውን እያሰበ መሆን አለበት።

ከዚያ ወዲህ ያንን ጠዋት ስንት ጊዜ እንደ ነዳሁት አልቆጠርኩትም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ፍሬኑ ገና ሳይነካ ሦስት መኪና ተሰልፎ የሚቆምበት ቦታ አልቋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት በእጥፍ አይደለም የሚያድገው፤ አራት እጥፍ ነው። አሸዋ ሲኖርበት ይብሳል። ታዲያ ልጁን ማን አዳነው? የኔ ብልሃት አይደለም። ከኋላዋ ስጎተት የነበርኩባት አህያ ናት። እሷ ባትኖር ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ 50ን አልፌ ነበር። የሰደብኳት አህያ።

ጥፋቴ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ያላየሁትን ቦታ ባዶ ነው ብዬ መቁጠሬ ነው። የቆመ መኪና ዝም ብሎ የቆመ ዕቃ አይደለም፤ መጋረጃ ነው። ከቆመ አምጃድ፣ ከቆመ ሃይስ፣ እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ሰው አለ ብሎ መነሣት ነው የሚሻለው፤ ከሌለ ምን ጎደለብህ?

ይህም ሆኖ የምጽፍላችሁ ስለ ዳቦው ልጅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ፍሬን ስይዝ ከኋላ ከተቀመጡት የአሠሪዎቼ ልጆች ታናሽየው ቀበቶ ስላላሰረ ግንባሩ የፊተኛው ወንበር ላይ ገጨ። ትንሽ አበጠ። አሠሪዬ ማዳም ከሰዓት ስታየው «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «ሲጫወት ነው» አልኳት። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። «ዓሙ» ነበር የሚለኝ፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። የኔም ልጅ ከበሩ ሥር ቆማ ሰምታለች። እኔ ያኔ አላስተዋልኳትም።

ማታ ማታ እራት ላይ የመንገዱን ወሬ መተረክ ልማዴ ነበር። ራክሻው እንዴት እንደ ገባብኝ፣ የሃፍላው ሾፌር ተሳፋሪ ለማንሣት መሐል መንገድ ላይ እንዴት እንደ ቆመ፣ አንዱ ኮብሪው (ድልድዩ) ላይ እንዴት ደርቦ እንዳለፈ። ቤቱ ይስቅልኝ ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ማታ ልጄ እንጀራዋን ይዛ «አባዬ፣ አንተ ግን አንድም ቀን አጥፍተህ አታውቅም?» አለችኝ።

የምትጠይቀኝ መልሱን እያወቀች ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ መጀመሪያ ልቆጣ ፈለግሁ። ከዚያ ስለ ዳቦው ልጅ ለእናቷ ነገርኳት። ስለ አህያዋ ነገርኳት። «ሲጫወት ነው» ያልኩትንም። ባለቤቴ እጇን ከትሪው አንሥታ ዝም አለች። በማግስቱ ማዳም ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፤ ልታባርረኝ ትችል ነበር፣ አላባረረችኝም። በሳምንቱ ግን ከኋላ ወንበር ቀበቶ ያላሰረ ልጅ ካለ መኪናው እንደማይነሣ በቤቱ ሕግ ወጣ። ሕጉን ያወጣችው እሷ፣ ያስከበረችው ደግሞ የኔ ልጅ ነበረች፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንድ በአንድ ትፈትሻቸው ነበር።

ከዚያ ማታ ወዲህ እራት ላይ አንድ ልማድ ተተከለ። ሰው ያጠፋብንን ሳይሆን እኛ ያጠፋነውን መናገር። በቀን አንድ በቂ ነው። የሌላውን ጥፋት መተረክ ልጅን አያስተምርም ብዬ ሳይሆን፣ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው፤ ጥፋት ሁልጊዜ የሌላ ሰው መሆኑን።

ከተነገሩት አንዳንዶቹን ላካፍላችሁ፤ እናንተም ሳትሠሩት አትቀሩም።

የሀቡቡን ላስቀድም። ክረምት ሊገባ ሲል አድማሱ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚመጣው ቀይ አቧራ ያዘኝ። የኮፋኖው ጫፍ ጠፋኝ። እኔም አዋቂ መስዬ ባለሁበት መሥመር ላይ ቆምኩ፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ፤ እግሬን ፍሬን ላይ ተከልኩ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ቀዩን መብራት ሲያይ መንገዱን የሚመራው መኪና ያገኘ መሰለው፤ ተከተለኝ፤ ቂጤን ገጨኝ። ደግነቱ እሱም በዝግታ ነበር፤ «ማዓሌሽ»፣ ይቅርታ፣ ተባብለን ተለያየን። ሀቡብ የሚለውን የዐረብኛ ቃል እስከ መጠቀም የደረሱት የአሜሪካዋ አሪዞና ሰዎች ሾፌሮቻቸውን የሚያስተምሩት ተቃራኒውን ነው፦ ከመንገዱ ጨርሰህ ውጣ፣ ቁም፣ መብራቱን ሁሉ አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይዘህ እግርህን ከፍሬን ላይ አንሣ፤ መብራትህን ይዞ የሚከተል እንዳይኖር። እኔ ይህን ያነበብኩት ፓራውልቱ ከተጠገነ በኋላ ነው።

የረመዳኑን ስነግራቸው ደግሞ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። መግሪብ ሊል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከተማው እንዴት እንደሚበር ታውቃላችሁ። የጠማው፣ የራበው፣ ቤቱ የሚጠበቅ ሰው ሁሉ መሪ ይዟል። እኔም የሁዳዴ ጾመኛ ነበርኩ፤ አብሬ በረርኩ። ድንገት ጀለቢያ የለበሱ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው መንገዱ መሐል ቆሙብኝ። ዘራፊ መሰሉኝ፤ ነዳጅ ልጨምር እግሬን አንሥቼ ነበር። ለካ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ቴምርና ሒሉ ሙር የሚባለውን መጠጥ ደርድረው መንገደኛውን ለማስፈጠር ነው የሚያስቆሙት። ሊያበሉኝ የወጡትን ሰዎች ልገጭ ነበር! ወርጄ «የኛም ጾም ነው» ብዬ ቴምር ብቻ ቀመስኩ።

ባለቤቴም ተራዋ ሲደርስ አልቀረችም። እግረኛ ናት፤ ከእግረኛ ጥፋት አይጠፋም። ልጃችንን ይዛ ስትሄድ መኪናውን ከኋላዋ አድርጋ፣ ልጁን ደግሞ በመንገዱ በኩል አድርጋ ነበር የምትሄደው። መኪና ቀኙን በሚይዝበት አገር እግረኛ ግራውን ይዞ፣ የሚመጣውን ፊት ለፊት እያየ መሄድ አለበት፤ ልጁ ደግሞ ከዳር በኩል። እኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም፣ ግን ጥላው በየትኛው በኩል እንደሆነ አይተን ነው ሁላችንም የምንሄደው። የካርቱም ፀሐይ ደግሞ ትራፊክ አይፈራም።

ስለ ቀኝና ግራ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሱዳን እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ግራዋን ይዛ ነበር የምትነዳው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1964 እ.ኤ.አ.፣ በኛ በ1956 ዓ.ም ነው። በመካከል ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ገላባትና መተማ ላይ ድንበር የሚሻገር ሾፌር መሥመር ይቀይር ነበር ማለት ነው። የጎረቤታችን ዘበኛ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በወጣትነታቸው ሾፌር ነበሩ። መንገዱ ወደ ቀኝ ከዞረ በኋላ ለወራት መሻገሪያ ላይ በስሕተት ወደ ማዶ ያዩ እንደነበር፣ ራሳቸውን ለማስታወስ በቀኝ እጃቸው ላይ ክር ያስሩ እንደነበር አጫውተውኛል። አርጅቻለሁ፣ አመሌ አይለወጥም የሚል አባት ካለ ያንን ክር ያስብ።

አሁን ደግሞ የምንወቀስበትን ልናገር። ሐሙስ ማታ ካፉሪ ምን ትመስል እንደነበር ረስታችኋል? ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች የአባታቸውን ላንድክሩዘር ይዘው ብሎኩን ሲዞሩ አባቶች በር ላይ ቆመው ፈገግ ይሉ ነበር። እኛም ብንሆን ቁልፍ ስላልነበረን እንጂ ልባችን አንድ ነበር። እኔ ራሴ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ጭር ባለው መንገድ መሪውን አስይዣት አውቃለሁ። ፍቅር መስሎኝ ነው። ኤር ባግ ያለው መኪና ነበር፤ በግጭት ቢፈነዳ መጀመሪያ የሚመታው እሷን ነበር። ሕፃን አቅፎ ከፊት የሚቀመጥ ሰውም እንዲሁ ነው። የእናት ክንድ ብዙ ነገር ይችላል፤ መኪና ድንገት ሲቆም ግን ሕፃኑ መኪናው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፣ ያንን የሚይዝ ክንድ የለም።

በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በዓለም መንገዶች ላይ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከምንም ነገር በላይ የሚገድላቸው ይኸው ነው። ልጆቻችንን ከወባ በአጎበር፣ ከኩፍኝ በክትባት ጠብቀን ካሳደግን በኋላ የምንሰጣቸው ለመንገድ ነው። አዲስ አበባም ብትሄዱ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ መኪና እንኳ ያልነበራቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ቀዳም ስዑር ነበር። ቄጤማችንን በራሳችን አስረን ፋሲካን ስንጠብቅ ካርቱም ላይ የጦርነቱ ተኩስ ጀመረ። የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ወደ ገላባት የወሰደን አውቶቡስ ሾፌር ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ትራፊክ የለ፣ መብራት የለ፣ መቀመጫው ላይ ሦስት ሦስት ሆነናል። ሌሊት አንድ ጉድጓድ ሳያይ በፍጥነት ገባበት፤ አውቶቡሱ ተናጋ፣ ሕፃናት አለቀሱ። ሰውየው አቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ «ማዓሌሽ ያ ጀማዓ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እየቸኮልኩ ነበር» አለን። ሰው ሁሉ ለነፍሱ በሚሮጥበት ሌሊት! ከዚያ በኋላ እስከ ድንበር ድረስ ዝግ ብሎ ነዳ። ልጄ በጆሮዬ «አባዬ፣ እሱም ቤቱ እራት ላይ ይናገራል መሰለኝ» አለችኝ።

በ2017 ዓ.ም የሱዳን ጦር ካፉሪን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ቤታቸው የተመለሱ እንዳሉ እሰማለሁ። የተመለሳችሁ ካላችሁ መንገዱ እንደ ድሮው ጭር ያለ ይሆናል። ያ ጭርታ እንዳያታልላችሁ።

ወደ ልጄ ልመለስና ላብቃ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ አዲሱ የአባይ ድልድይ እንኳ 380 ሜትሩን ሙሉ ለብስክሌትና ለእግረኛ ቦታ ተለይቶለታል። ባለፈው ማክሰኞ የአጎቷን መኪና ይዛ ከገበያ መልስ ከድልድዩ ወዲህ ጥጓን ይዛ ቆመች። ማታ እራት ላይ ማንም ሳይጠይቃት እጇን ታጠበችና ተቀመጠች።

«ዛሬ እኔ ልጀምር» አለች። «ስፖኪዮ ሳላይ በር ከፈትኩ። ብስክሌት የሚነዳ ሽማግሌ በሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ለጥቂት ተረፈ። ዘንቢሉ ተደፋ፤ ቲማቲሙን አብሬው ለቀምኩ።»

«ሰደበሽ?» አላት ወንድሟ።

«አልሰደበኝም። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ‹ልጄ፣ ደኅና ነሽ?› አለኝ።»

እናቷ እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር።